አራት መቶ አሥራ ሁለት የታመሙ ጥጆች

የአገሬን ስም አልነግራችሁም። ልደብቃችሁ ፈልጌ አይደለም፤ ብነግራችሁም ካርታ ላይ አታገኙትም። ካርታ የሚሠሩት ሰዎች የመጡ ዕለት እኛ ገበያ ሄደን ነበር። ይልቅ የሆነውን ልንገራችሁና ስጨርስ ፍረዱብኝ። እኔ እንደሁ ራሴ ላይ ከፈረድኩ ቆይቷል።

እኛ ከብት አርቢዎች ነን። በኛ ዘንድ ከብት አይቆጠርም። ቆጥሮ የሚያውቅ ሰው ቆጥሮ ያጣል ይባላል። አጎቴ አንድ ጊዜ ሞቅ ብሎት እስከ ሰባት ቢቆጥር ሰባተኛዋ በሳምንቱ ገደል ገባች። ስለዚህ ከብቶቻችንን በስም እንጂ በቁጥር አናውቃቸውም፤ ማታ ሲገቡ የጎደለች ካለች ስሟን እየጠራን እንፈልጋታለን።

አንድ ሰው "ስንት ከብት አለህ?" ብሎ ቢጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ "አንዲት ጥጃ አለችኝ፤ እሷም ታማብኛለች።" ከኋላህ መንጋው በረቱን ሞልቶ እየጮኸም ቢሆን እንዲሁ ነው የምትለው። ጠያቂው ዐይን አለውና "እነዚህስ?" ካለ "የጎረቤት ናቸው" ይባላል። ጎረቤትየው እዚያ ቆሞ ከሆነ ደግሞ "አዎ፣ የኔ ናቸው" ማለት አለበት። ጎረቤቱን ሰው ፊት ክዶ ያሳፈረ ሰው ደጁ እሳት የሚጭር አይገኝም። ይሄ ውሸት አይደለም፤ ጨዋነት ነው። ጠያቂው "እግዜር ይማርልህ" ይላል፤ "አሜን" ትላለህ፤ ነገሩ ያልቃል። ማንም ተጎድቶበት አያውቅም ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት መዝጋቢው መጣ። ዘመኑ ጥጋብ ነው፤ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። መዝጋቢው ከዋና ከተማ የመጣ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የበር መዝጊያ የሚያክል መዝገብ የተሸከመ ሰው ነበር። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ዞረ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ "አንዲት ጥጃ፤ እሷም ታማብኛለች" ተባለ። ጻፈ። መንጋውን እያየ "እነዚህስ?" አለ፤ "የጎረቤት ናቸው" አልነው። እሱንም ጻፈ። አሳዘነን። እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ምነው የሰማውን ሁሉ ይጽፋል ተባባልን። ሲጨርስ መዝገቡን በሰም አሸገና ለሰባት ዓመት አይታረምም አለን። እኛም ሰንጋ አርደን ሸኘነው። እየበላ "ለመሆኑ ሰንጋው የማን ነው?" ቢል "የጎረቤት ነው" አልነው።

በዓመቱ አንድ የከብት ሐኪም አራት መቶ አሥራ ሁለት ጠርሙስ የጥጃ መድኃኒት ጭኖ መጣ። ቢፈልግ ቢያስፈልግ አንዲት የታመመች ጥጃ አጣ። ተመልሶ መድኃኒቱ ገና መንገድ ላይ ሳለ ሠርቷል ብሎ ሪፖርት አደረገ። እሱ ተሾመ። ለኛም "ጥጆቿን በትዕግሥት ላስታመመች ከተማ" የሚል የምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ተላከልን። የገበያው በር ላይ ሰቀልነውና ስቀን ስቀን ሆዳችን ቆሰለ።

ከዚያ ዝናቡ ቀረ። በዓመቱም ቀረ።

የሞቱብኝን ቁጥር አሁንም አልናገርም። ዳልቻ ሞተች። ቦራ ሞተ። ወይኖ ከነጥጃዋ ሞተች። ቡሬ፣ ጠይሟ፣ ቀንዶ፣ ሌሎቹም፤ የሁሉንም ስም ብጠራ ቁጥር እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ሻሼ ብቻ ቀረችልኝ። ሻሼ ግንባሯ ነጭ፣ ለመውለድ አንድ ወር የቀራት ላም ናት። እሷ ከተረፈች ጥጃ አለን፤ ወተት አለን፤ በሚቀጥለው ዓመት ሰው ነን። ካልተረፈች እኔና ባለቤቴ ደብሪቱ ያለን ነገር ቢኖር በረት ነው፤ ባዶውን።

ከብት በድርቅ ሲደክም መጀመሪያ ይወድቃል። ወድቆ ከዋለ ሆዱ ይነፋና በዚያው ይቀራል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት መነሣት አለበት። በሆዷ ሥር አጣና ይገባል፤ ሁለት ሰው አጣናውን፣ አንድ ሰው ቀንዷን፣ አንድ ሰው ጅራቷን ይይዝና ባንድ ትንፋሽ ወደ ላይ ነው። አንዴ ከቆመች ቆማ ትውላለች። የማንም ከብት ይሁን፣ ጎረቤት ተሰብስቦ ያነሣል። በኋላ በኋላ ግን የሚነሣ ከብትም አለቀ፣ የሚያነሣ ጉልበትም አለቀ፤ ሰው የራሱን እግር ማንሣት ጭንቅ ሆነበት።

አንድም ቀን ሳይቀር የሚመጣ አያ ደርበው ብቻ ነበር። አጥር የምንጋራ ሽማግሌ ነው፤ ከሚስቱ ከእትዬ ዝማም ጋር ይኖራል። የሱ በረት ከባዶነት ጋር ዓመት ሊደፍን ነው። እሱ ጅራቷን፣ ደብሪቱና እኔ አጣናውን፣ ከመንገድ የጠራነው ሰው ቀንዷን እንይዛለን። ጅራት መያዝ ምን እንደሆነ ላልያዘ ሰው አይነገርም፤ የሚረገጠውም የሚቆሽሸውም እሱ ነው። "አያ ደርበው፣ ኧረ ዛሬስ ዕረፍ" ስለው "ተወኝ እባክህ፣ የቆመ ከብት ማየት ናፍቆኝ ነው" ይለኛል።

በዚህ መሐል አዋጅ ተነገረ። በድርቁ ከብቱ ለሞተበት ሁሉ መንግሥት ካሣ ይከፍላል ተባለ። እልል አልን። አዋጁ በተነገረ በሦስተኛው ቀን ገለባ የጫነ መኪና የከተማው መግቢያ ላይ ቆመ። ነጋዴው ዱቤ አያውቅም፤ ክፍያው ባለቀ ማግስት እሄዳለሁ ብሎ ቁርጡን ነገረን። ሰው ለምኖታል፤ እኔም ለምኜዋለሁ፤ ዋጋውን እየነገረ ጥርሱን ይፍቃል።

ካሣ የሚከፍለው የጉዳት ቤት ሰዎች ሦስት ሆነው መጡ። ከፋዩ፣ አጽናኟና በየቤቱ ዞሮ በረት የሚያየው፣ በረት አዩ የሚባለው ሰው። በሕጉ መሠረት ተጎጂ መጀመሪያ መጽናናት አለበት፤ ሳይጽናና ገንዘብ የተቀበለ እንደሆነ ነገሩ ካሣ መሆኑ ቀርቶ ንግድ ይሆናል። ስለዚህ አጽናኟ ደመወዝ ተቆርጦላት ለያንዳንዱ ሰው "እግዜር ያጥናህ" ትላለች። በሁለተኛው ቀን ድምፅዋ ስለተዘጋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን መነቅነቅ ጀመረች። እሱም እንደሚቆጠር ከዋና ከተማ ተጠይቆ ተፈቀደላት።

ከፋዩ መዝገቡን አወጣ። ሰሙ እንዳይነካ በጀርባው በኩል ተርትረው ከፍተውታል። የመጀመሪያውን ስም ጠራና "አንዲት ጥጃ፣ የታመመች" አለ። ሁለተኛውን ጠራ፤ "አንዲት ጥጃ፣ የታመመች።" ያኔ ነው የገባን።

"ጌታዬ፣" አለ አንድ ሰው፣ "የኔ መንጋ ከበረት ወጥቶ እስኪያልቅ ረፋድ ይሆን ነበር እኮ።"

"እዚህ የተጻፈው እርስዎ ያሉት ነው።"

"እሱማ ወግ ነው።"

ከፋዩ መዝገቡን ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየ። እውነቱን ነው የምላችሁ፣ ፈልጎልናል። "ለወግ የተሰመረ ቦታ የለም" አለ።

ውሳኔው እንዲህ ሆነ። በረቱ ባዶ የሆነ ሰው የታመመችው ጥጃው ሞታለችና ይጽናናል፣ የአንድ ጥጃ ካሣ ይከፈለዋል። በረቱ ውስጥ አንዲት ከብት በሕይወት የተገኘች እንደሆነ ጥጃዋ ድና አድጋለች ማለት ነው፤ ባለቤቱ የደስታ መግለጫ ወረቀት ተሰጥቶት ይሸኛል። በአንድ ጥጃ ካሣ ሃያ እስር ገለባ ይገኛል። ሃያ እስር ሻሼን እስክትወልድ ያደርሳታል። እኔ ዘንድ ነገሩ ሁሉ እዚህች ላይ ነበር፤ እሷን የሚያድናት ገንዘብ እሷ ከሞተች ብቻ የሚሰጥ ገንዘብ ነው።

በሦስተኛው ቀን በረት አዩ ወደኛ ሰፈር ዞረ። ጠዋት አጣናውን አንሥቼ ወደ በረት ስገባ ደብሪቱ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

"ዛሬ አናንሣት" አለችኝ።

"ምን ነካሽ አንቺ?"

"ትተኛ። ሰውየው አይቷት ይለፍ። እንዲህ ሆና የሚያያት ሰው ሞታለች ከማለት ሌላ ምን ይላል? እሱ ሲያልፍ እናነሣታለን።"

"ብትሞትስ?"

"እስከ እኩለ ቀን አትሞትም።" ይህን ስትል ፊቷን አዞረች። ደብሪቱ ብልህ ናት። ካገባኋት ጀምሮ አውቃለሁ፤ እሷም ትነግረኛለች።

አያ ደርበው እንደ ወትሮው መጣ። ላሚቱ ተኝታ እኛ ቁጭ ብለን አገኘን። የሆነውን ነገርነው። ፀሐይዋን ቀና ብሎ አየና አጠገቤ ተቀመጠ። የሱን በረት በጧት አይተውለት "ባዶ" የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ተሰጥቶታል። ከደረት ኪሱ አውጥቶ አሳየን። ከሰዓት በኋላ ሊከፈለው ነው። "እህል እሸምታለሁ" አለ። "ከዝማም ጋር እየቆነጠርን ክረምቱን እንጠብቃለን። አለዚያማ ያለን ወንዝ ማዶ የዝማም ወንድም ቤት ነው። የሦስት ቀን መንገድ፣ እሷ በዚያ ጉልበቷ! ደግሞስ በስተርጅና የሚስት ወንድም ማዕድ ላይ እጅ መስደድ... ተመስገን ነው።" ወረቀቱን አጥፎ መለሰው።

ፀሐይዋ ከፍ አለች። የሻሼ ሆድ መንፋት ጀመረ። ደብሪቱ ዝንቡን በነጠላዋ ጫፍ ታባርርላት ነበርና፣ የሞተች ላም ዝንብ አይባረርላትም ብዬ ተቆጣኋት። እጇን ሰበሰበች። በረት አዩ ከኛ ሦስተኛው ቤት ገባ። ቆየ። ሁለተኛው ቤት ገባ። እዚያ ደግሞ ውኃ ጠየቀ፤ ውኃ እስኪፈለግለት ቆመ። ጥርሴን ነክሼ የላሚቱን ጎድን አያለሁ፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ይዘገያል፣ ከፍ ይላል።

በመጨረሻ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ባለ ሰዓት ሰው ነው። ጫማውን በሩ ላይ አራግፎ ገባ።

"ሞታለች?" አለ።

"እንደሚያዩት ነው ጌታዬ" አልኩ። ሞታለች ብዬ ለመናገር ምላሴ እንቢ አለኝ።

"ማየት ማስረጃ አይሆንም። ባለቤቱ በስሟ ሦስት ጊዜ ይጥራት ነው የሚለው ደንቡ። በየጥሪው መሐል እኔ ሰዓት እይዛለሁ። ጆሮዋ ካልተንቀሳቀሰ ሞታለች።" ሰዓቱን ወደ ዐይኑ አስጠጋ። "ይጀምሩ አባቴ።"

"ሻሼ" አልኩ። አፌ ደርቆ ስለነበር እኔም በቅጡ አልሰማሁት። ጆሮዋ ዝም አለ። ደብሪቱ መሬት መሬቱን ታያለች።

"ሻሼ" አልኩ። አንድ ዝንብ ዐይኗ ላይ አረፈ። ዐይኗን አልከደነችም። በልቤ በርቺልኝ አልኳት፤ ቀጥሎ ደግሞ እውነት ሞታ እንደሆነስ ብዬ ደነገጥኩ። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ያሰበ ሰው እኔ ነኝ።

"አንድ ይቀራል" አለ በረት አዩ።

"ሻሼ" አልኩ፤ እንዳትሰማኝ ቀስ ብዬ። ቀስ ብዬ የምጠራት ለካ ጨው ስሰጣት ነበር። ጆሮዋ ብቻ ቢንቀሳቀስ ምን ነበር፤ ራሷን አነሣች። የፊት ጉልበቷን አጠፈች። አራት ሰው በስንት መከራ የሚያነሣት ላም እኔ ጠራኋት ብላ ልትነሣ ታገለች። ወገቧ ግን አልቻለምና ተመልሳ ተዘረጋች። ትንፋሿ አቧራውን አቦነነው።

"ተገኝታለች" አለ በረት አዩ። ፊቱ በራ፤ ደስ ብሎት ነው፣ ክፋት የለበትም። "እንኳን ደስ ያለዎት። ጥጃዎ ድናለች።" ከቦርሳው የደስታ መግለጫውን አወጣና ስሜን ሊጽፍ ብዕሩን ነቀለ።

እዚህ ላይ ነው ሥራዬን የሠራሁት።

"የኔ አይደለችም" አልኩ። "የጎረቤት ናት።"

"የየትኛው ጎረቤት?"

ከአፌ አመለጠኝ ብላችሁ ደስ ባለኝ ነበር። አላመለጠኝም። ባንድ ወገን ያሉት ጎረቤቶቼ አፍ አላቸው፤ "የምን የኔ?" ብለው ድርቅ እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ከችጋር ወዲህ ወግ የሚጠብቅ ሰው ጥቂት ነው። ከሚጠብቁት አንዱ አጠገቤ ተቀምጧል።

"የአያ ደርበው ናት" አልኩ።

አያ ደርበው አየኝ። ብዙ አላየኝም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና "አዎ፣ የኔ ናት" አለ።

በረት አዩ ግራ ገባው። "ታዲያ እሳቸው ሲጠሯት እንዴት ተነሣች?"

እዚህ እንኳ ዝም ቢል በቂ ነበር፤ ነገሩ ራሱ ይፈርስልኝ ነበር። "የሚጠብቅልኝ እሱ ነው" አለ አያ ደርበው። "የኔን ድምፅ ረስታዋለች።"

በረት አዩ ከአያ ደርበው ባዶ የሚለውን ወረቀት ተቀበለና ደስታ መግለጫውን ሰጠው፤ "እንኳን ደስ ያለዎት አባቴ።" የተቀበለውን ወረቀት ስም አስተካክሎ ለኔ ሰጠኝ፤ አዲስ ወረቀት አላባከነም። አመስግኖን ወጣ። ደብሪቱ ሻሼን ስታይ፣ እኔ ወረቀቱን ሳይ፣ አያ ደርበው ጉልበቱን ይዞ ተነሣ።

"በሉ እንጂ እናንሣት" አለ፤ "እኩለ ቀን ሆነ።"

አነሣናት። ጅራቷን የያዘው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተሰለፍኩ። አጽናኟ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀችልኝ፤ አለቀስኩ። ሰው ስለ ከብቶቼ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከፋዩ ከፈለኝ። ሃያ እስር ገለባ ገዛሁና በአያ ደርበው ደጅ ላለማለፍ በጓሮ በኩል ዞሬ ገባሁ።

"ምን አልከው?" አለችኝ ደብሪቱ።

"ማንን?"

"እኔን አትጠይቀኝ። ማንን እንደሆነ ታውቃለህ።"

"ነገ እነግረዋለሁ" አልኳት።

በማግስቱ ራሱ መጣ፤ አነሣናት። በሠልስቱም መጣ። ስለ ወረቀቱ አላነሣም፤ ሻሼ ስታመነዥክ ቁጭ ብሎ ያያታል፣ ከዚያ ይሄዳል። እኔም ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ አደርኩ። ምን እንደምነግረውም አላውቅም ነበር፤ ገንዘቡ ገለባ ሆኗል።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በረት ስገባ ሻሼ ቆማለች። ማንም አልነካትም፤ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ብቻዋን ቆማ አየችኝ። አያ ደርበውን ጠበቅኩት። ፀሐይ ሞቀ፤ አልመጣም። ደብሪቱ አንድ እስር ገለባ አመጣችና ትከሻዬ ላይ አስቀመጠችልኝ።

የአያ ደርበው በር በገመድ ታስሯል። ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ገለባ ተሸክሜ። ከከተማው ትንሽ ራቅ ብለው ደረስኩባቸው። እትዬ ዝማም ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን ያሻሉ። እሱ አጎዛውን ጠቅልሎ በጀርባው አዝሎ እሳቸው እስኪነሡ ቆሟል። የወጡት ገና ጎህ ሲቀድ ነበር፤ የሄዱት ያቺን ታህል ነው።

ገለባውን እግሩ ሥር አወረድኩት። ሌላ የያዝኩት ነገር አልነበረም።

አያ ደርበው አየው። "ምን ላድርገው?" አለ። "ልብላው?"

እትዬ ዝማም ፊታቸውን ወደ ማዶ አዞሩ።

"እያወቅኩ ነው" አልኩት። "እንደማትክደኝ አውቄ ነው አንተን የጠራሁት።"

"ታዲያ ሌላ ሰው ልትጠራ ኖሯል? ሌላ ሰው እኮ ይክድህ ነበር።" እንደ ምክር አድርጎ ነው የነገረኝ። ከዚያ አጎዛውን ከጀርባው ወደ ላይ ገፋ አደረገና "ዛሬ ማን አነሣት?" አለኝ።

"ማንም። ብቻዋን ተነሣች።"

"ብቻዋን?"

"ብቻዋን።"

"እሰይ" አለ። ደስ አለው። ዐይኔ አይቶታል፤ የዚያ ሽማግሌ ፊት ከልቡ ደስ አለው። ከዚያ ሚስቱን ክንዷን ይዞ አነሣት፤ ሁለቴ ሞክሮ ነው፤ ልርዳህ ብዬ እጄን ስዘረጋ እትዬ ዝማም "ተው" አሉኝ። መንገዱ ዳገት እስኪሆን ቆሜ አየኋቸው። ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር። የተረገመ ሰው መልሶ ይረግማል፤ ይክሳል፤ አንድ ቀን ይታረቃል። እኔን የሚያስታርቀኝ ሽማግሌ ብፈልግ እሱው ነበር።

ገለባውን መልሼ ተሸከምኩት። ቤት ስደርስ ሻሼ እንደቆመች ነው፤ ጠዋት የሰጠኋትን ጨርሳ በሩ በሩን ታያለች። እስሩን ፈታሁና ሰጠኋት።